የሙአዊያ አባ ሻንጣ ዘመቻ ወደ ደሴ፣ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ምርጫ

ልዕልት ረቢያ ባሕር ተሻግረው ጅዳ በከተሙ በአምስተኛው ዓመት፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር በተቃጠለ በሁለተኛው፣ የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ዋጋው ከበግ ጋር መፎካከር በጀመረበት ዘመን፣ በወርኀ ጥር፣ ሰርገኛ ከሰርገኛ መንገድ ላይ ተጋጭቶ «እናንተ እለፉ፣ ኧረ እናንተ እለፉ» በሚባባልበት ወራት፣ ሙአዊያ ወልደ መስኡዳ፣ የሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ጀርባ ገዢ፣ የሦስት ስልኮች ጌታ (ሁለቱ የተሰነጠቁ ናቸው)፣ አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ከበው ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጃቸውን በሰላም የተመለሱ፣ ፈረስ ባይኖራቸውም በፈረስ ስማቸው አባ ሻንጣ የሚባሉት፣ ጌምም የሚያጫውት ቪዲዮም የሚቆርጥ ኮምፒውተር በትንሽ ብር ሊመርጡ ተነሡ። ዝ ውእቱ ዜናሆሙ። እኔም ታናሽ እኅታቸው፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ሆኜ፣ ያየሁትን ሳልቀንስ፣ የጨመርኩትንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ፈረስ ስማቸው። ከአልጋቸው ሥር አንድ ጥቁር ሻንጣ ነበረ፤ በውስጡም ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጃኬት፣ አንድ ቻርጀር፣ የደላላ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት የሲጋራ ካርቶን ነበረ። ሻንጣው ከሰኔ ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ንጉሡ ወጡ ጨው ባነሰው ቁጥር፣ ኢንተርኔቱ በተቆራረጠ ቁጥር፣ ሰው በገላመጣቸው ቁጥር «በጅቡቲ አድርጌ እሻገራለሁ!» ብለው ያውጁ ነበርና የሰፈሩ ሰው አባ ሻንጣ አላቸው። ሰፈሩ ይስቃል። እናታችን እቴጌ መስኡዳ ግን አይስቁም። እሳቸው ጎሕ ሲቀድ ሱብሒ ሰግደው ከጨረሱ በኋላ ወደ ልጃቸው አልጋ ሄደው አንድ ጊዜ ደግመው ያጎነብሳሉ፤ ሻንጣው መኖሩን ለማየት ነው። ካለ «አልሀምዱሊላህ» ብለው ወገባቸውን ይዘው ይነሣሉ። ታላቅ እኅታችን ልዕልት ረቢያ በዚያው መንገድ ሲሄዱ ሻንጣቸው ከአልጋ ሥር የጠፋው በሱብሒ ነበርና።

የንጉሡ ሙያ ደግሞ ሰርግን በስልክ ቀርጾ፣ ቆርጦና ቀጥሎ ፊልም ማድረግ ነው። በዚያው ወር የሀጂ ሳሊሕን ልጅ የሱንዱስን ሰርግ ቀረጹ፤ ሀጂ ሳሊሕ ማለት በከተማችን አንድ ቃል ሲናገሩ ሦስት ሰፈር የሚደርስ ሰው ናቸው። ንጉሡም «ለመልሱ ዕለት ፊልሙ ይደርሳል» ብለው በሕዝብ ፊት ማሉ። በማግሥቱ አሮጌው ላፕቶፕ አንድ ጊዜ «ጢጥ» ብሎ፣ ትንሽ አስቦ፣ ዐረፈ። ኢና ሊላሂ። የሰርጉ ቪዲዮ ያለበትን ሚሞሪ እቴጌ መስኡዳ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ያዙ፤ ንጉሡም አልጋቸው ላይ ተገልብጠው ወደ ሥር፣ ወደ ሻንጣው ማየት ጀመሩ።

ወእምዝ ከጅዳ አዋጅ መጣ። አዋጁ የመጣው በኢሞ ነው፤ ከበስተኋላው የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስና የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሲያጓራ ይሰማል፤ ልዕልት ረቢያም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አንተ ልጅ ስማ። እኔ የሄድኩበትን መንገድ አንተ አትሄድም፤ ወላሂ አትሄድም። መንገዱን እኔ በእግሬ ነው የማውቀው፣ አንተ በቲክቶክ ነው። ብሩን ልኬያለሁ። ኮምፒውተር ግዛና ጌምህንም ተጫወትበት፣ ቪዲዮህንም ቁረጥበት፣ ብቻ አንድ ቦታ ቁጭ በልበት። የሱንዱስን ፊልም ለመልሱ አድርሰህ ካሳየኸኝ፣ ሻንጣውን እማዬ ትፍታው። ካልሆነልህ ግን ሣጥኑን ሸጠህ ለእማዬ ላም ግዛላት። ከዚያ በኋላ ና አልልህም፣ አትምጣ አልልህም። ደክሞኛል።»



መልሱ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ሠራዊቱ ወደ ደሴ ወጣ። የሠራዊቱም ቁጥር እንዲህ ነው፦ በፊት ንጉሡ ራሳቸው፣ በጄል የቆመ ፀጉራቸው ከሚኒባሱ ጣሪያ ጋር እየተሟገተ። ከጎናቸው የጦር አማካሪያቸው ሊቀ ዩቲዩብ ሀሚዱ፣ የኮምፒውተር ሆድ ሲከፈት አራት መቶ ጊዜ ያየ፣ በእጁ ግን የግድግዳ ሰዓት ባትሪ እንኳ ቀይሮ የማያውቅ። በኋላ እኔ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ሁለት ባዶ ፌስታልና የተቀቀለ እንቁላል ይዤ። በመጨረሻም ማንም ያልጠራቸው እቴጌ መስኡዳ፣ የአሥራ ሰባት ዳንቴል እመቤት።

ስለ ዳንቴሉ ትንሽ ልጻፍ፣ ኋላ ያስፈልገናልና። እቴጌ መስኡዳ በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ በቤታችን የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ሬዲዮው ለብሷል፤ ፍሪጁ ከነእጀታው ለብሷል፤ የልዕልት ረቢያ ትራስ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ራስ ያልተኛበት፣ ለብሷል። ሕጉም ሁለት ነው፦ ሰው እያየው ያለ ዕቃ አይሸፈንም፣ ነውር ነው፤ ሰው ዞር ያለበት ዕቃ ግን ወዲያው ይሸፈናል። ዳንቴል የለበሰ ዕቃም ከቦታው ተነሥቶ አያውቅም። ንጉሡ ጠዋት «እማዬ፣ ደሴ ምን ትሠሪያለሽ?» የሚል ፊት ባሳዩ ጊዜ እቴጌ ይህን አወጁ፦

«ብር ይዞ ብቻውን ደሴ የሚወጣ ልጅ የለኝም። ከደሴ አልፎ የሚሄድ መኪና ብዙ ነው።»

በጢጣ በኩል ገብተው፣ በፒያሳ ሽቅብ ወጥተው፣ የሕንፃ ደረጃ ሦስት ፎቅ ቆጥረው፣ ከነጋድራስ ምስጋናው ሱቅ ደረሱ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጉልበት ለጉልበት ሳይነካካ የሚገበያይ የለም። ነጋድራስ ምስጋናውም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አወጀ፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ሁለት ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ ያላችሁ ብርና ከጌምና ከቪዲዮ የትኛው እንደሚበልጥባችሁ። ውሸት የለም፤ የሚዋሽ ደንበኛ የሚጎዳው ራሱን ነው።»

የንጉሡ አፍ «ቪዲዮ» አለ። ዓይናቸው ግን በመስተዋት ውስጥ ሰባት ዓይነት ቀለም ወደሚያበራው ሣጥን ተሰደደ። ነጋድራሱ ሁለቱንም መዘገበ።

መጀመሪያ የተመረጠው አንጎሉ ነው፤ ፕሮሰሰር የሚሉት፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጠፍጣፋ ነገር። ነጋድራሱም ከእርሱ ጋር ማዘርቦርድ የሚባለውን አረንጓዴ ሰሌዳ አውጥቶ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አወጀ፦ «ይሄ አንጎሉ ነው፣ ይሄ አንጎሉ የሚገባበት ቤት። እነዚህ ሁለቱ ያለ ሽማግሌ አይጋቡም። የአንዱ እግር ከሌላው ቀዳዳ ካልገጠመ መፋታት እንኳ የለም፤ ኪሳራ ነው።»

ይህን ሲሰሙ እቴጌ መስኡዳ ከወንበራቸው ቀና አሉ፤ ለጋብቻ እንጂ ለኮምፒውተር ያልተዘጋጁ ሴት ነበሩና አሁን ሥራቸውን አገኙት። የፕሮሰሰሩን ዘር ጠየቁ፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን ዘንድ እንደኖረ፣ ጠባዩ እንዴት እንደሆነ። ነጋድራሱም ያገለገለ መሆኑን፣ ዱባይ ቢሮ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቶ እንደመጣ፣ ጸባየኛ እንደሆነ መሰከረ። እቴጌም ፕሮሰሰሩን በመዳፋቸው ይዘው አወጁ፦

«ከዐረብ ሀገር ከሆነ የመጣው ደክሞታል። ያሳዝናል። እንውሰደው፤ እኛ ቤት ይረፍ።»

ተጋቡ። እግሩም ገጠመ፤ ሀሚዱ በሹክሹክታ እልል አለ።

ቀጥሎ የግራፊክስ ካርድ ጦርነት ሆነ፤ ይህም ጌሙን በስክሪኑ ላይ የሚሥለው ዕቃ ነው። ሊቀ ዩቲዩብ ሀሚዱ ዘሎ ተነሣ፣ የአራት መቶ ቪዲዮ ዕውቀቱን መዘዘ፣ ጣቱንም በመደርደሪያው ጫፍ ላይ ወዳለው፣ ሦስት ማራገቢያ ወዳለው፣ ገና ላስቲኩ ወዳልተላጠው ቀስሮ አወጀ፦ «ከዚህ በታች የሚገዛ ሰው ጓደኛዬ አይደለም! ያኛውን ገዝተህ ጌም ስትጫወት የሣሩ ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ይታይሃል!» የንጉሡም ልብ ሣሩን ተከትሎ ተወዛወዘ። ነጋድራስ ምስጋናው ግን ከሥር መሳቢያ ሁለት ማራገቢያ ያለው ያገለገለ ካርድ አውጥቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ መለሰ፦ «የሣሩን ቅጠል ካየህ ራም አትገዛም። ራም ማለት ሥራው የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ትልቅ ድንኳን ተክሎ አንድ ወንበር ያወጣ ሰርገኛ አይተህ ታውቃለህ? እንግዳው ሁሉ ቆሞ ይቀራል፤ ቪዲዮህም እንዲሁ።»

ሰርግ ቀራጺን በሰርግ ነው የሚያሸንፉት። ንጉሡ ያገለገለውን ካርድ ተቀበሉ፣ ስምንት ስምንት ጊጋ የሆኑ ሁለት መንትያ ራሞችንም ያዙ፣ ቪዲዮው የሚከማችበትን ኤስኤስዲም በኪሳቸው ከተቱ። ሀሚዱ እስከ ምሳ ድረስ አኮረፈ፤ እንቁላሉን ግን በላ።

አሁን ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ የታሪኩ ትልቁ ፈተና ደረሰ። የቀረችው ብር ሁለት ነገር ትገዛለች እንጂ ሦስት አትገዛም። ባለ ሰባት ቀለሙ የመስተዋት ሣጥን ቢወሰድ ከመንትያዎቹ ራሞች አንዱ ይመለሳል። መንትያዎቹ አብረው ይኑሩ ከተባለ፣ የሚተርፈው ሣጥን ከጥግ የቆመው ነው፦ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ፊቱም ጀርባውም አናቱም በቀዳዳ የተወጋ፣ ወንፊት የሚመስል፣ እንኳን ሰባት ቀለም አንድም ፈገግታ የሌለው። ሀሚዱ ዓይኑን ጨፈነ። የመስተዋቱ ሣጥን ወይን ጠጅ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ። ንጉሡ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልካቸው ላይ እያዩ የተኙት ሣጥን ይህ ነበር። እቴጌ መስኡዳም ከወንበራቸው ሳይነሡ አወጁ፦

«መብራት ከፈለግህ እቤትም አለ፤ ሲኖር።»

ንጉሡ ቆዩ። በኋላም፣ ማንም እጃቸውን ሳይጠመዝዝ፣ በገዛ አፋቸው «ወንፊቱን» አሉ። ሌላ ጊዜ ብዙ ነገር አሹፌባቸዋለሁ፣ ገናም አሾፋለሁ፤ በዚህች ቃል ላይ ግን አላሾፍም። ድምፃቸው ልክ ልጅ ወልዶ የሚያሳድግ ሰው ድምፅ ነበረ። ከዚያ በኋላ አፍንጫቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፣ አቧራ ነው አሉ።

የመጨረሻው ዕቃ መብራቱን ተቀብሎ ለሁሉም የሚያካፍለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ሁለት ቀረቡ። አንዱ በወርቅ ቀለም ትልልቅ ቁጥር የተጻፈበት፣ ርካሽ፤ ሌላው ትንሽ ቁጥር የተጻፈበት፣ ትንሽ ወደድ ያለ። ንጉሡና ሀሚዱ በአንድ ድምፅ ወደ ወርቁ ተጠጉ። እቴጌ መስኡዳ ግን ተነሥተው ሁለቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ ሐይቅ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደሚመዝኑት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረጉ። ወርቁን መለሱት።

«ይሄ ሆዱ ውስጥ ምንም የለም። ከባዱን ውሰድ። ዶሮ ተነሥታ ነው የምትገዛ፣ ታይታ አይደለም።»

 ነጋድራስ ምስጋናው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፣ እቴጌን አየ፣ አወጀም፦ «እናቴ፣ አሥር ዓመት ስሸጥ ቀላሉ ውስጡ ባዶ ነው እያልኩ የነገርኩት ሰው ሁሉ አልሰማኝም። እርስዎ ሳይነገርዎ አወቁ። ልቅጠርዎት እንዴ?» እቴጌም ቀና ብለው ወጡ፤ ሦስቱን ፎቅ ሲወርዱ የደረጃውን መደገፊያ አልያዙም።

ሠራዊቱ ወንፊቱን በንጉሡ ጭን ላይ አስቀምጦ፣ ከአንድ ቢሮ የወጣ ሞኒተር በእኔ ጭን ላይ ጭኖ፣ በድል ወደ ሐይቅ ወረደ። በዚያው ቀን ማሽኑ በራ፤ ጎረቤትም መጥቶ አየ፤ ንጉሡም «ለምርመራ ነው» ብለው አራት ሰዓት ሙሉ የኳስ ጌም ተጫወቱ፣ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ሲነሡም እቴጌ መስኡዳ ወደ ወንፊቱ ቀርበው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ነካክተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ልዕልት ረቢያ በሄዱበት ወር የሠሩትን፣ ጣዎስ ያለበትን፣ የአቡጀዲ ገበር ያለውን ትልቁን ዳንቴል አምጥተው ከአናቱ እስከ እግሩ አለበሱት። ካባ ተደረበለት። ማዕረጉ ከቴሌቪዥኑ ጋር እኩል ሆነ።

በማክሰኞና በረቡዕ ንጉሡ ቆረጡ፣ ቀጠሉ፣ ዘፈኑን በአምባሰል ቅኝት አስገቡ። ሐሙስ ጠዋት ፊልሙ ተሰፍቶ አለቀ፤ የቀረው ማሽኑ ራሱ አቡክቶ እስኪያወጣው መጠበቅ ነው፣ ኤክስፖርት የሚሉት። ይህም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እየሠራም ሳለ አይነካም። ንጉሡ እጃቸውን መሰብሰብ ስለማይችሉ ቁልፉን ተጭነው ወደ ሀሚዱ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ማሽኑ ጨልሟል። እንደገና አስነሡት፣ ቁጥሩን እስከ ስልሳ ሦስት በመቶ እንደደረሰ አገኙት። ደግመው ተጫኑ፣ ደግመው ወጡ፣ ደግሞ ስልሳ ሦስት ላይ ሞተ። ከዚያ ተናደው፣ ተቀምጠው ኳስ ተጫወቱ፤ ኳሱ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ያለ አንዳች ሳል ሠራ።

ዓርብም እንዲሁ ሆነ። ሊቀ ዩቲዩብ ሀሚዱ መረመረና ጥፋተኛው እቴጌ የመረጡት ከባዱ ፓወር ሰፕላይ ነው ብሎ አወጀ፤ እቴጌም ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ወሬው ጅዳ ደረሰ። ልዕልት ረቢያ ሁለተኛ አዋጅ አወረዱ፤ አጭር ነበረች፣ ከኋላዋም ምንም ድምፅ አልነበረም፦

«ለጌም ሲሆን ይሠራል፣ ለሥራ ሲሆን ይጠፋል? ሙአዊያ፣ እኔ አንድ ቀንም ሥራ መሃል ላይ ጠፍቼ አላውቅም።»

ንጉሡ ይህን አዋጅ ሦስት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥተው አልጋ ላይ አስቀመጡት። ወጡም፣ ሣጥኑን የሚገዛ ሰው ለመፈለግ። እቴጌ መስኡዳ በበሩ ሲያልፉ ሻንጣውን አዩት። አላጎነበሱም፤ ማጎንበስ አላስፈለጋቸውም። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆሙ።

ሆኖም ሀሚዱ በወዳጅነቱ ቆርጦ ወደ ነጋድራስ ምስጋናው ደወለ፤ ከደሴም በስልክ አዋጅ መጣ፦ «ሲጫወት የማይሞት ማሽን ሲሠራ አይሞትም። ትንፋሽ አጥሮት እንዳይሆን፣ ከግድግዳ አርቁት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ነፋስ ያግኝ።» ሠራዊቱ ጠረጴዛውን ወደ ክፍሉ መሃል ጎተተ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ለመልሱ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ንጉሡ ለመጨረሻ ጊዜ ቁልፉን ተጭነው፣ ገዢው ወዳለበት ወደ አስፋልቱ ወጡ።

እነሆ እቴጌ መስኡዳ ገቡ። የታመመ ዕቃ፣ የተከፈተ መስኮት፣ የጥር የሐይቅ ነፋስ! በሚኒባስ ውስጥ የመስኮት ክር ያህል ቀዳዳ ከፍቶ የሚሄድን ሰው «ልጄን ብርድ ልታስመታ ነው?» የሚሉ ሴት ናቸው። ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት፣ በላዩም ነጠላቸውን አውልቀው ደረቡለት፤ ጥግ ጥጉንም ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉ። ማሽኑ በሠላሳ በመቶ ሞተ።

ማንም ይህን ያላየው ለምንድነው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ እንዲህ ነው፦ በቤታችን ዳንቴል እንደ አየር ነው፤ ዕቃ ሊያስነሣ የመጣ እጅ ሳያስበው ይገልጠዋል። አየር ያየ ማን ነው? ያየችው ድመታችን ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ከምድጃው ጠፍታ ነበርና ስፈልጋት በኮምፒውተሩ አናት ላይ፣ በነጠላው ላይ፣ አራት እግሯን ሰቅላ ተዘርግታ አገኘኋት። ሳነሣት ሆዷ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው። ነጠላውን ገለጥኩ፣ ዳንቴሉን ገለጥኩ፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት በር እንደተከፈተ ያለ ትንፋሽ ፊቴን ገረፈው። ወአሜሃ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳር የተሰማ አዋጅ አወጅኩ፦

«እማዬዬዬ! አፍነሽ ገድለሽዋል እኮ!»

እቴጌ መስኡዳ እየሮጡ መጡ፣ አዩ፣ ገባቸው። ወንፊቱ ወንፊት የሆነበት ምክንያት ገባቸው። ኳሱ ለምን እንደማይሞት ገባቸው፤ ልጃቸው ተቀምጦ እያየ ሳለ ማንም አይሸፍንምና። ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፣ ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ አድርገው አወጁ፦

«አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው። እኔ የሸፈንኩት ነገር ሄዶብኝ አያውቅም ብዬ ነው።»

ንጉሡ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ገዢውን ይዘው መጥተዋል፤ ገዢውም በስተኋላቸው አንገቱን አስግጎ ያያል። ይህችን አዋጅ ሙሉዋን ሰሙ።  ገብተው ጎንበስ ብለው የእቴጌን ጉልበት ሳሙ፤ ከዚያ ዞረው ገዢውን በጨዋ ደንብ ሸኙት። ዳንቴሉን የገለጠው ማን ነው የሚለውን በተመለከተ፣ በዜና መዋዕል ሥርዓት ድል ሁሉ የንጉሥ ነውና፣ «ንጉሡ በጥበባቸው ገለጡት» ተብሎ ይጻፍ። ጻፍኩ። ድመቷ ትታዘበኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ጥበቃ በታሪክ ተወዳዳሪ የለውም። ማሽኑ ራቁቱን በክፍሉ መሃል ቆመ። ሀሚዱ በቀኝ፣ እኔ በግራ ድመቷን በብብቴ ይዤ፣ ንጉሡ እጃቸውን ከመቀመጫቸው ሥር አድርገው፣ እቴጌ መስኡዳም በፊት ለፊት ሰፌድ ይዘው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያርፉ አራገቡ። አያስፈልግም ቢባሉ አልሰሙም። ሠላሳ አለፈ። ስልሳ ሦስት ሲደርስ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ ሰፌዱ ብቻ ተነፈሰ። ስልሳ አራት! ሀሚዱ ወደቀ። መብራትም ታይቶ በማይታወቅ ትሕትና ሳይጠፋ ቆየ። መቶ ሲሞላ የዐሱር አዛን ይባል ነበር።

ወበሳኒታ፣ በዕለተ እሑድ፣ በሀጂ ሳሊሕ ድንኳን፣ በመልሱ ላይ፣ ፊልሙ ታየ። ሙሽሪት ሱንዱስ በጀልባ ላይ ስትወጣ አንድ ጫማዋ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ ጀልባ ቀዛፊው በመቅዘፊያው ጫፍ አውጥቶ፣ ውሃውን አራግፎ፣ እንደ ንጉሥ ዘውድ አቀረበላት፤ ከኋላም የእስጢፋኖስ ገዳም ልሳነ ምድር ዛፉ ጥቁር ብሎ ይታያል፣ ዘፈኑም በዚያ ሰዓት ዝቅ ይላል። ድንኳኑ በሣቅ ፈረሰ። ሀጂ ሳሊሕ እስክስታቸው በመጣ ጊዜ «እሱን ቁረጥልኝ» ብለው አወጁ፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ግን «ተወው፣ ይሁን» ብለው አዋጁን ሻሩ። በኋላም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በሦስት ሰፈር በሚሰማው ድምፃቸው መረቁ፦

«እጅህ ይባረክ። አላህ ሀገርህ ላይ ያብላህ፣ ሀገርህ ላይ ያስረጅህ። አሚን በሉ!»

አሚን ተባለ። ከሁሉም ከፍ ብሎ የተሰማው ግን ከሴቶቹ በኩል የመጣ አንድ አሚን ነበረ፤ የማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም። ከውጫሌ የመጡ እንግዶችም እዚያው ላይ ሁለት ሰርግ ቀጠሩ። ልዕልት ረቢያም በኢሞ ሁሉንም አዩ። በመጨረሻ ሦስተኛዋን አዋጅ አወረዱ፦

«ጫማውን ድገሙልኝ።»

ደገምንላቸው። አራት ጊዜ።

እንግዲህ ምስጋና ለሙአዊያ ወልደ መስኡዳ፣ ሰባት ቀለምን ንቀው ወንፊትን ለመረጡ፣ መንትያን ላልለዩ፣ የሣር ቅጠል ሲወዛወዝ ሳያዩ ለኖሩ፣ የፈረስ ስማቸውም ከዛሬ ጀምሮ አባ ወንፊት ለተባለ! ምስጋና ለነጋድራስ ምስጋናው፣ ለሊቀ ዩቲዩብ ሀሚዱም ስለ መውደቁ። ከዱባይ ደክሞ ለመጣው ፕሮሰሰርም፣ አላህ ዕድሜ ይስጠው። ከሁሉም በላይ ግን ምስጋና ለእቴጌ መስኡዳ፣ ባዶን ከሙሉ በመዳፋቸው ለሚለዩ፤ እሳቸው ሰኞ ዕለት ሁለቱን ሱሪና ጃኬቱን ቁም ሣጥን መለሱ፣ ቻርጀሩን ለእኔ ሰጡ፣ የሲጋራውን ካርቶን እሳት ማያያዣ አደረጉ፣ ባለ ጣዎሱንም ዳንቴል አጥበው በስኳር ውሃ አድርቀው፣ ባዶውን ሻንጣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አቁመው፣ ከአናቱ እስከ እግሩ አለበሱት። በላዩም የፕላስቲክ አበባ አስቀመጡበት።